ሁለት ልጅ፣ ሥራና ኪራይ ይዤ ነርሲንግ ልጀምር ነው። እንዴት ቻላችሁት?

ጠያቂ፦ የልደታዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ለመስከረም ነርሲንግ ልመዘገብ አስቤያለሁ። ከመክፈሌ በፊት ግን ያለፋችሁበትን ሰዎች መጠየቅ ፈለግኩ።

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ሲስተሮቹን በየቀኑ አያቸዋለሁ። የሚያለቅስ ልጅ አባብለው መርፌ ሲወጉ፣ የደነገጠች እናት አረጋግተው ሲያስረዱ ሳይ ልቤ እዚያ ነው የሚቀረው። ይሄ ዛሬ የመጣ ሐሳብ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስም ፈልጌው ነበር፣ ቤት ውስጥ ገቢ ስላስፈለገ ሥራ ገባሁ።

አሁን ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ አራት ዓመቷ ነው፣ ኬጂ ገብታለች። ትንሹ ዓመት ከሦስት ወሩ ነው፣ ጡት አልተወም። ባለቤቴ ሜትር ታክሲ ይሠራል፣ መኪናው የሰው ስለሆነ ገቢው አንድ ቀን ደህና ነው፣ አንድ ቀን ነዳጅና የባለቤቱን ሒሳብ ሸፍኖ ምንም አይተርፍም። ልደታ ተከራይተን ነው ያለነው። እናቴ አጠገባችን ነበረች፣ ሰፈሯ ለልማት ሲነሳ ግን ኮንዶሚኒየም የደረሳት ዳር ከተማ ነው፣ በየቀኑ ነይና ልጅ ያዢልኝ ልላት አልችልም።

የማታ ደረጃ አራት (የቴክኒክና ሙያውን ነርሲንግ) ልግባ ወይስ ቀጥታ ዲግሪ? ሥራዬን ሳልለቅ ይቻላል? ብሩንስ እንዴት አደረጋችሁት? ባለቤቴ አይዞሽ ይለኛል፣ ግን ጭንቀቱን ፊቱ ላይ አያለሁ። እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ በርቺ ብቻ እንዳትሉኝ።

መልስ፦ ሲስተር የመንታ እናት

እህቴ፣ እኔ ሥራም ልጅም ይዤ ማታ ተምሬ ነው የጨረስኩት፣ አሁን መንግሥት ሆስፒታል ዋርድ ላይ ነኝ። ስለዚህ በግልጽ ልንገርሽ። ክላሱ አይደለም የሚያስቸግርሽ። ክላሱን ትችይዋለሽ። የሚያስቸግርሽ ፕራክቲስ ነው።

ኮሌጆቹ "የማታ" ብለው ሲያስተዋውቁ የሚያወሩት ስለ ቲዎሪው ነው። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ የምትወጪው ግን በአብዛኛው ቀን ነው፣ ምክንያቱም ሐኪሞች በሽተኞቹን እየዞሩ የሚያዩበት ራውንዱም፣ ቁስል ማጠቡም፣ የእናቶችና የሕፃናት ክትትሉም ጠዋት ላይ ነው ያለው። የሚያስተምርሽም ሰው በዚያ ሰዓት ነው የሚገኘው። ሥራ ያላቸው ልጆች የሚያቋርጡት እዚህ ጋ ነው። አብረውኝ ከጀመሩት እናቶች ያቋረጡት በትምህርቱ ደክመው አልነበረም፣ የፕራክቲስ ፕሮግራም ሲለጠፍ አለቃቸው አልፈቅድም ስላላቸው ነው።

ስለዚህ ምዝገባ ከመክፈልሽ በፊት ኮሌጁ ሂጂና ስለ ክፍያ ሳይሆን ስለ ፕራክቲስ ጠይቂ። መጀመሪያ የሚወጡት መቼ ነው? በአንድ ጊዜ ለስንት ሳምንት? የት ነው የሚመድቧችሁ? ቅዳሜና እሑድ ወይም ማታ ዲዩቲ ገብቶ ማካካስ ይፈቀዳል? ሬጅስትራሩ የሚነግርሽን ይዘሽ እንዳትመለሺ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያሉ ተማሪዎችን በር ላይ ጠብቂና ጠይቂያቸው።

ከዚያ ክሊኒኩን አናግሪ። በሠራተኛ ሕጉ የዓመት ፈቃድሽ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። እሱ ብቻውን ፕራክቲሱን አይሸፍንልሽም። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ከሰዓት ወይም እሑድ ልግባ ብለሽ አሁኑኑ ተስማሚ፣ ከተቻለም በጽሑፍ ይሁን። ለክሊኒኩም እኮ ነገ ካርድ ክፍሉን አብጠርጥራ የምታውቅ ነርስ ማግኘት ጥቅም አለው፣ እንደዛ ብለሽ አቅርቢው።

ስለ ጡቱ፣ ለትምህርት ብለሽ አታስጥዪው። በዚህ ዕድሜ ምግብ ይበላል፣ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊትና ማታ ስትመለሺ ብታጠቢው ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ቢጠባ ነው የሚመክረው። እኔን ከድካሙ ሁሉ ያሳረፈኝ ያ የማታ ሰዓት ነበር።

ሌላ ማንም የማይነግርሽ ነገር አለ። ዋርድ ከመግባትሽ በፊት የሄፓታይተስ ቢ (በደም የሚተላለፍ የጉበት በሽታ) ክትባት ጀምሪ። ሦስት ዶዝ ነው፣ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። መርፌ ተማሪንም ይወጋል። አንቺ ደግሞ ማታ የምታቅፊው ልጅ አለሽ።

መልስ፦ አባትም ተማሪም

እኔ ወንድ ነኝ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ዲግሪ ነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት። ፋርማሲ ውስጥ እየሠራሁ ነው የምማረው። ሲስተር ስለ ፕራክቲስ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፣ እኔ ስለ ብሩ ልጨምር።

የወር ክፍያውን ብቻ አታስዪ። ጋውን አለ፣ ጫማ አለ፣ ስቴቶስኮፕና የግፊት መለኪያ አለ፣ ሃንድአውት ኮፒ አለ። ከሁሉም የሚበላው ግን ፕራክቲስ ላይ የታክሲና የምሳ ነው፣ በዚያ ላይ ከሥራ በቀረሽበት ቀን የሚቀነሰው ደመወዝ። ደረጃ አራት ከሆነ መጨረሻ ላይ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና አለ፣ ዲግሪ ከሆነ ከ2015 ጀምሮ መውጫ ፈተና አለ፣ ለሥራ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና።

እኔና ባለቤቴ ያደረግነው ዕቁብ ነው። ለዳኛው ነግረን ዕጣችንን ምዝገባ የሚከፈልበት ወር ላይ እንዲሆን ከሌላ ሰው ጋር ተቀያየርን። አራጣ ግን በፍጹም አትንኪ፣ ጓደኛዬን ከትምህርቱም ከቤቱም አፈናቅሎታል። ኪራዩን በሚመለከት ውላችሁ ወረዳ ተመዝግቧል? በአዋጅ 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ አከራይም በፈለገ ሰዓት መጨመር አይችልም። ትምህርት ላይ እያለሽ ኪራይ ድንገት እንዳይጨምርብሽ ይሄን ቀድመሽ ጨርሺ።

ባልሽን በተመለከተ፣ እኔም የባለቤቴን ጭንቀት በየቀኑ አየዋለሁ። አይዞሽ ማለት ብቻ ለሁለታችሁም አይበቃም። አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወረቀት ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ማን ያበስላል፣ ልጅ ሲታመም ማን ይቀራል፣ አንቺ ፈተና ሲኖርሽ እሱ ከስንት ሰዓት በኋላ ሥራ አይወጣም። ሜትር ታክሲ ሰዓቱን ራሱ ስለሚወስን ይሄ ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ልጅቷን ኬጂ አድርሶ መውጣት ይችላል።

መልስ፦ ከፒያሳ

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ነው የምለው፣ ቅር እንዳይልሽ። አንድ ዓመት አቆዪው። ትንሹ ሁለት ዓመት ይለፈው፣ እስከዚያ አጠራቅሙ። ደረጃ አራት ጨርሰው ሥራ ፍለጋ የሚንከራተቱ ልጆች ቤታችን ውስጥም አሉ። ደመወዙም ቢሆን በ2017 ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ያን ሁሉ ጥያቄ ያነሱት ስለማይበቃቸው ነው። የምትገቢ ከሆነ ደግሞ ውጤትሽ የሚፈቅድ ከሆነ ቀጥታ ዲግሪ ግቢ። ደረጃ አራት ጨርሰሽ እንደገና ዲግሪ ስትጀምሪ ልጆችሽ ላይ ሁለት ጊዜ ነው የምትጠፊው።

መልስ፦ ሲስተር የመንታ እናት

ወንድሜ ከፒያሳ፣ ስለ ደመወዙ ያልከውን አልክድም፣ እኔም የምኖረው በዚያው ነው። ገብታ ከምትደነግጥ አሁን ብታውቀው ይሻላል። ማቆየቱ ላይ ግን አልስማማም። በሚቀጥለው ዓመት ትልቋ የቤት ሥራ ይዛ ትመጣለች፣ ትንሹ ኬጂ ሊገባ ነው፣ ሌላ ክፍያ ይመጣል። ቀለል የሚል ዓመት የለም። ለእሷ የሚወስነው የልጁ ዕድሜ ሳይሆን ቀን ቀን ልጁን የሚይዝላት ሰው መኖሩ ነው።

ዲግሪና ደረጃ አራት ላይ፣ ዲግሪ አራት ዓመት ነው። ክሊኒክ ውስጥ ስላለች ደረጃ አራት ጨርሳ እዚያው ሲስተር ሆና እየሠራች፣ በነርስ ደመወዝ ዲግሪውን ብትቀጥል ለእሷ የሚያዋጣት እሱ ይመስለኛል። ክሊኒኩ ቦታ እሰጣለሁ ካላላት ግን ያንተ ሐሳብ ያመዝናል። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወጣ የዘንድሮውን ትይ።

እህቴ፣ ዲግሪ ካሰብሽ ደግሞ ዕውቅናውን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሪ። ዕውቅና የሚሰጠው ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው። ኮሌጁ ስም ስላለው ብቻ አዲስ የከፈተው ቅርንጫፍ ነርሲንግ ይፈቀድለታል ማለት አይደለም።

ጠያቂ፦ የልደታዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሲስተር፣ እንዳልሽኝ ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ኮሌጁ በር ላይ ተማሪዎች ጠየቅኩ። የመጀመሪያው ፕራክቲስ የካቲት ላይ ነው አሉኝ፣ ጠዋት ጠዋት። ሬጅስትራሩ ግን ስለዚህ ምንም አልነገረኝም ነበር። ክሊኒኩ ባለቤት ጋር ነገ ልገባ ነው። ባለቤቴ ደግሞ የአባትም ተማሪም መልስ ሳነብለት ዝም ብሎ ቆየና "የካቲት ላይ ጠዋቱን እኔ ልያዝ፣ ማታ እሠራለሁ" አለኝ። ይሄን ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የቀረኝ የትንሹ ነገር ነው። ሠራተኛ ልቅጠር ወይስ የሕፃናት ማቆያ ላስገባው?

መልስ፦ አባትም ተማሪም

በአንድ ሰው ብቻ ከመተማመን ማቆያ ይሻላል እላለሁ፣ ሠራተኛ ድንገት ስትወጣ ፈተናሽ ላይ ሊሆን ይችላል። ስትመርጪ ስንት ልጅ በአንድ ሞግዚት እንደሚያዝ ጠይቂ፣ ሳትነግሪያቸው በምሳ ሰዓት ገብተሽ እዪ፣ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉም አረጋግጪ። ብዙዎቹ አመሻሹ ላይ ይዘጋሉ፣ ክላስሽ ደግሞ የሚጀምረው ያኔ ነው። ያቺን ሰዓት የሚሸፍን ሰው ካሁኑ ፈልጊ። የኮንዶሚኒየም ጎረቤት ብዙ ጊዜ እሺ ይላል፣ እኛ ለጎረቤታችን በወር እየከፈልን ነው የያዝነው።

መልስ፦ ሲስተር የመንታ እናት

የጎረቤቷን ነገር እኔም እደግፋለሁ። ከመስከረም በፊት ሁለት ሳምንት ሞክሩት፣ ልጁም ይልመዳት። የክሊኒኩ ባለቤት ምን እንዳለሽ ነገ ጻፊልን። እምቢ ካለሽ ሌላ ካርድ ክፍል የሚፈልጉ ክሊኒኮች አውቃለሁ፣ እጠይቅልሻለሁ።