ሆርስራዲሽ «የተፈጥሮ አንቲባዮቲክ» ነው ወይ?

ነርሷ፦ ትናንት እዚህ ስለ ሆርስራዲሽ፣ ስለዚያ ሲፈቀፈቅ ስለሚሰነፍጠው ሥር፣ «ሆርስራዲሽ የተፈጥሮ አንቲባዮቲክ ነው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለባችሁ ክኒኑን ተዉት» ተብሎ ተለጠፈ። በጣም ነው ያናደደኝ። አንድ ሰው አምኖ መድኃኒቱን ቢያቋርጥስ?

ሥር ወዳድ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። ሥሩ ሲፈቀፈቅ በውስጡ ያለው ሲኒግሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሚሮሲኔዝ ከሚባለው ኢንዛይም ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ አሊል አይሶቲዮሳያኔት የሚባል ውሕድ ይፈጠራል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። ባክቴሪያ ይገድላል። ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ነርሷ፦ በረኪናም ይገድላል። አንቲባዮቲክ ትለዋለህ?

ሥር ወዳድ፦ በረኪና ምን አመጣው? የሚበላ ነገር ከመርዝ ጋር ይወዳደራል?

ጉንፋናም፦ እኔ አፍንጫዬ ሲዘጋ በኮምጣጤ ተዘጋጅቶ በጠርሙስ የሚሸጠውን እበላለሁ፤ ወዲያው ይከፈትልኛል። ይሄ ፈውስ አይደለም?

ነርሷ፦ መሰንፈጡ ነርቩን ይቀሰቅሳል፤ ንፍጥም ይፈስሳል። ቀለል ማለቱን አልክድም። ኢንፌክሽኑ ዳነ ማለት ግን አይደለም።

ሥር ወዳድ፦ የጠርሙሱን ተወው ወንድሜ። ኮምጣጤው ኢንዛይሙን ያቆመዋል። ትኩሱን ፈቅፍቀህ ትንሽ ቆየት አድርገው። እንዳታበስለው ደግሞ።

ጉንፋናም፦ የጠርሙሱም ያቃጥላል እኮ! ሞክረኸዋል?

ጡረተኛው ፋርማሲስት፦ ልጆች፣ ከጠርሙሱ ውጡና አንድ ነገር ልበል። የዕፅ መድኃኒቶችን የገመገመው የጀርመኑ ኮሚሽን ኢ ሥሩን ለመተንፈሻ አካል ጉንፋን ፈቅዶታል። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ደግሞ «ደጋፊ ሕክምና» ብሎታል። ደጋፊ! በቀን 20 ግራም ያህል ትኩስ ሥር። የጨጓራ ወይም የአንጀት ቁስለት ላለበት፣ ኩላሊቱ ለታመመ፣ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ክልክል ነው።

ሥር ወዳድ፦ አባባ፣ አከብርዎታለሁ። ታዲያ እርስዎም ፈቅዶታል አሉ አይደል? ንጥረ ነገሩ በሽንት በኩል ስለሚወጣ እኮ ነው። ጀርመኖች በ2021 የዓመቱ መድኃኒት ተክል ብለው የመረጡት በከንቱ ነው?

ጡረተኛው ፋርማሲስት፦ በከንቱ አይደለም ልጄ። ናስቱርሺየም ከሚባል ተክል ጋር ተቀምሞ በጡባዊ መልክ የተጠናም አለ። መጠኑ የታወቀ ነው። አንተ ግን ክኒኑን ተዉት አልክ።

እህቷ፦ ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። ታናሽ እህቴ ሽንት ሲያቃጥላት ሥሩን ብቻ እየበላች አንድ ሳምንት ቆየች። ከዚያ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም። ኩላሊቷ ድረስ ወጥቶ ነበር። ሆስፒታል ተኝታ ነው የዳነችው። «የተፈጥሮ አንቲባዮቲክ» የሚለውን ቃል ስሰማ እሷን ነው የማየው።

ሥር ወዳድ፦ እግዚአብሔር ይማራት። ግን ጥፋቱ የሥሩ ነው? ክኒን እየዋጡም የሚብስባቸው የሉም?

ነርሷ፦ ሥሩን ማን ከሰሰ? ቃሉን ነው የምከስሰው።

ጉንፋናም፦ ወገቤን ሲያመኝ ፈቅፍቄ በጨርቅ ባስረውስ?

ነርሷ፦ ብዙ ከቆየ ቆዳህን ያቆስለዋል። ውኃ የቋጠረ ቁስል አይቻለሁ።

እህቷ፦ ሥር ወዳድ፣ እባክህ ጽሑፉን አጥፋው።

ሥር ወዳድ፦ «የተፈጥሮ» የሚለውን አላጠፋም። እውነት ነው።

ነርሷ፦ እሱን ማን ጠየቀህ? «ክኒኑን ተዉት» የሚለውን ነው።

ሥር ወዳድ፦ አስብበታለሁ።

እህቷ፦ አሁንም እየተጋራ ነው እኮ።