ለአገልግሎት ከአሜሪካ የመጡ አዛውንት ባልና ሚስት ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሜን ሸዋን የት የት ላሳያቸው?

የጠባሴው (ጠያቂ)
ሰላም ናችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር አማክሩኝ። ደብረ ብርሃን እኛ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ አሜሪካዊ አዛውንት ባልና ሚስት አሉ፣ አባባ 71 እማማ 68 ዓመታቸው ነው፣ ልጆቻቸውን ድረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤተክርስቲያናቸው ልኳቸው በራሳቸው ወጪ ለ18 ወር ሊያገለግሉ ነው የመጡት። አባባ የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ ይውላሉ፣ እማማ እንግሊዝኛና ስፌት ያስተምራሉ፣ ማታ ገብተው እራት እንኳ ሳይበሉ የሚተኙበት ቀን አለ። ነፃ የሚሆኑት ቅዳሜ ብቻ ነው፣ እሁድ የትም አይሄዱም።

ከመጡ ሁለት ወር ሆናቸው ከገበያና ከቤት በቀር ምንም አላዩም። ባለፈው ሰው አነጋግረን መኪና ቀጥረንላቸው ነበር፣ እነሱ "በሰባት ሰዓት" ሲሉ በነሱ አቆጣጠር ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት። ሾፌሩ ደግሞ በኛው ሰባት ሰዓት ከምሳ በኋላ መጣ። ምሳቸውን በፌስታል ይዘው በር ላይ ወንበር አውጥተው ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ፣ እኔ ሥራ ውዬ ማታ ስሰማ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። አሁን ራሴ ልውሰዳቸው ብያለሁ።

ያስጨነቀኝ ሦስት ነገር ነው። እማማ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ድሮ አንኮበር መኖሩን አንብበው አንኮበርን ሳላይ አልሄድም ብለዋል፣ ግን የአባባ ጉልበት ኦፕራሲዮን የተሰራ ነው፣ እማማ ደግሞ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል ግፊትም አለባቸው፣ ይችሉታል ወይ? ሁለተኛ ከአንኮበር ሌላ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሆን የት አለ? ሦስተኛ ቡናም ሻይም አልኮልም በሃይማኖታቸው አይነኩም፣ በየሄድንበት ቤት ቡና ተፈልቶ አልጠጣም ሲሉ ሰው እንዳይቀየም ምን ላድርግ?

አንኮቤ
ወንድሜ እማማ ልክ ናቸው። ክራፕፍና ኢሰንበርግ የእንግሊዝ የሚሲዮን ማኅበር ልኳቸው በ1831 ዓ.ም. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ነው አንኮበር የገቡት። ኢሰንበርግ ጥቂት ወራት ቆይቶ ተመለሰ፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱም በአውሮፓ 1841 ለንደን ታተመ። ክራፕፍ እስከ 1834 ዓ.ም. ቆየ፣ በኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሄዶ የኬንያን ተራራ አይቶ ለአውሮፓ የጻፈው እሱ ነው።

የኔ ምክር ምን መሰለህ፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ አለ፣ ከመኪና ወርደህ በእግር የምትወጣው ዳገት ነው። አባባን አታስቸኩላቸው፣ አሥር እርምጃ ሄዳችሁ ቁሙ። ላይ ስትደርሱ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙርላቸው። እነክራፕፍ ከታጁራ ወደብ ተነስተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው የወጡት ያን ሁሉ ዳገት ነው፣ ቆላው እታች ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ሌላ ምንም ባታሳያቸው እሱ ይበቃል። እማማ ወፍ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ በአንኮበር ስም የተሰየመች በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ትንሽ ወፍ አለች፣ ገደሉ አካባቢ በጠዋት ነው የምትታየው።

ሲስተር ነኝ
እኔ ነርስ ነኝ እባክህ ይህችን በደንብ አንብባት። ደብረ ብርሃን ራሱ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያልፋል፣ ሁለት ወር ስለኖሩ ሰውነታቸው ለምዷል፣ ያ ጥሩ ነው። የአንኮበር መንገድ ግን መጀመሪያ ከዚህም ከፍ ብሎ ነው የሚወርደው ስለዚህ እዚያ ከፍታው ላይ ወርዶ መሮጥ መዝለል የለም። ከመሄዳችሁ በፊት ግፊታቸውን አስለካ፣ ሐኪማቸው አይሆንም ካለ አይሆንም ነው።

አሁን ሰው የማያስበውን ልንገርህ። የግፊት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ይወስዳል፣ መንገድ ላይ ሽንት ቤት የለም ብለው ፈርተው የዚያን ቀን ኪኒኑን ይዘሉታል፣ ውሃም አይጠጡም። ትልልቅ ሰዎች አፍረው አይነግሩህም። አንተ ቀድመህ የት የት እንደምትቆሙ ንገራቸው፣ ንጹሕ ሽንት ቤት ያለው ሆቴል አስበህ ውጣ። ተቀምጠው እያለ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይ ራስ ምታትና ማስታወክ ከመጣ ወዲያው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይዘሃቸው ውረድ፣ ትንሽ ልረፍ ቢሉህ አትስማ። ለጉልበት ደግሞ ከመውጣት መውረድ ነው የሚከብደው፣ ጥሩ ዱላ ግዛላቸው።

ሰላሌ
ደብረ ሊባኖስን ለምን ረሳችሁት? አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው፣ ግንቦት 1929 ግራዚያኒ መነኮሳቱን ያስጨፈጨፈበት ቦታ ነው፣ አጠገቡም የፖርቱጋል ድልድይ የሚሉት አለ (ስሙ ነው እንጂ ያሰሩት ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል)፣ ጭላዳ ዝንጀሮውም ገደል ገደሉን ነው።

የጠባሴው
ወንድሜ ሰላሌ አመሰግናለሁ ግን ያ በጎጃም መንገድ በናንተ በኩል ያለው ሰሜን ሸዋ ነው፣ ከኛ ተነስቼ አዲስ አበባ ገብቼ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሆን ነው። አዲስ አበባ ስብሰባ ሲኖራቸው አድረው እንዲሄዱ እነግራቸዋለሁ።

የመንዟ
የመንዙን ጓሳ እኔ እወዳለሁ የትውልድ አገሬ ነው። ሕዝቡ ቄሮ በሚባል የቆየ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሣሩን እየዘጋ እየከፈተ ለዘመናት ያቆየው መሬት ነው፣ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለ፣ ግን ለነዚህ ሰዎች አልመክርም፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱም ከባድ ነው፣ ማደርም ይጠይቃል። ይልቅ በደሴ መንገድ ጣርማ በር ድረስ ውሰዳቸው፣ ከደብረ ብርሃን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣሊያን የቦረቦረውን ዋሻ ያያሉ፣ በዚያው አካባቢ የምኒልክ መስኮት የሚባል አለ፣ ገደሉ አፍ ላይ ቁጭ ብለው ጭላዳው ሣር ሲነጭ በቅርብ ያዩታል፣ የሚወጣ ዳገት የለም። ደመና ሳይጎትት ጠዋት ድረሱ።

ብርድ ከተነሳ ደግሞ የመንዝ ባና ግዛላቸው። የበግ ጠጉር ነው፣ አዲስ ሲሆን አንገት ይበላል ትንሽ ይሸታልም ግን ጭኑ ላይ ጣል ያደረገ ሰው ውርጭ አይነካውም። እናቴ ለእንግዳ ከምግቡ በፊት ባናውን ነው የምታቀርበው።

ሾፌር 3
መንገዱን በዋዜማውም በዕለቱም ጠዋት እዚያው ላለ ሰው ሳትደውል እንዳትወጣ። ሰላም ነው ካሉህ ሂድ፣ ትንሽ እንኳ ከተጠራጠሩ ቅር፣ ቅዳሜ ሌላም ቅዳሜ አለ። ከመምሸቱ በፊት ከተማ ግባ። ሰዓት ስትነግራቸው ደግሞ "ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች" በላቸው ወይ ወረቀት ላይ የሁለቱንም አቆጣጠር ጻፍላቸው፣ እኔ ከውጭ ሰው ጋር ስሠራ እንደዛ ነው የማደርገው።

ዲያቆን
ቤተ ክርስቲያን ከገባችሁ ጫማ ይወለቃል፣ እማማ ቀሚስ ለብሰው ነጠላ ይከናነቡ፣ ቁርስ በልተው ስለሚሆን ቅጥር ግቢውን አይተው ከደጅ ቢሳለሙ ይበቃል። ፎቶ ከማንሳት በፊት ካህኑን ጠይቁ። አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፣ በእንግድነት ሲመጡ እንደ አባቶቻችን አክብረን እንቀበላለን፣ በገዳም ቅጥር ውስጥ ግን የሃይማኖት ወረቀት ማደል አይገባም።

የጠባሴው
ዲያቆን ስጋትህ ይገባኛል። ወረቀት ሲያድሉ አላየሁም፣ ቢሆንም እነግራቸዋለሁ።

እናት ዓለም
ልጄ የቡናውን ለኔ ተወው። ሰው የሚቀየመው ቡና ስላልተጠጣ አይደለም፣ እንግዳው ሳይቀመጥ ሲነሳ ነው። ቀድመህ ለባለቤቷ "እምነታቸው ነው፣ እንዳይከፋሽ" በላት። ጦስኝ ታፍላላቸው፣ ሻይ ቅጠል የለበትም አይደል? ካልሆነ ትኩስ ወተት በሲኒ ይቀዳላቸው፣ ጾም ከሆነ ደግሞ አጥሚት። ግን በሲኒ ይሁን፣ በብርጭቆ አይሁን፣ ከሰው እኩል አቦል ቶና በረካ እያሉ ይጨርሱ። ቁርሱን ቆሎውንም ይቅመሱ፣ ምርቃቱንም ተቀምጠው አሜን ይበሉ።

የጠባሴው (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ሄደን መጣን። አንኮቤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ጠዋት ደውዬ መንገዱ ሰላም ነው ሲሉኝ ወጣን፣ ሰዓቱን ሾፌር እንዳለው በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸው 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ሲስተር ያልሽው ኪኒን እውነት ነው፣ እማማን በልጄ በኩል ሳስጠይቃቸው ላልወስደው ነበር አሉ፣ ወሰዱት፣ ሁለት ቦታ ቆምን።

ዳገቱን ለመውጣት አንድ ሰዓት ፈጀብን። አባባ ግማሽ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እናንተ ሂዱ አሉ፣ እማማ ያለሳቸው አልሄድም ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ከዚያ ተያይዘው ተነሱ። ላይ ወጥተን ቆላውን ሳሳያቸው እማማ ብዙ አላወሩም፣ ያ ሁሉ መንገድ በእግርና በበቅሎ ነው? ብቻ ነው ያሉኝ። አባባ እጃቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

ስንመለስ አክስቴ ቤት ገባን። ጦስኙን በሲኒ ቀዳችላቸው፣ አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ፣ እኔ ደክሟቸዋል ብዬ ልነሳ ስል እማማ ክንዴን ይዘው በአማርኛ "በረካ" አሉኝ። አክስቴ ያን ሰምታ ባናዋን ከአልጋዋ ላይ አንስታ ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አየሩ ከያዘልን ጣርማ በር ነን፣ የመንዟ የምኒልክ መስኮት ጋ መኪና የት እንደሚቆም ብትነግሪኝ።