ልጆቻችን ቀድመው ለእኛ እንዲነግሩን

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፤

አንዲት እህታችን «ለ12 ዓመት ልጄ ስልክ ልግዛለት ወይስ ይቅርበት?» ብላ ጠይቃ ነበር። አብዛኞቻችሁ «ይቅርበት» ብላችኋል። እኔም ከከልካዮቹ ወገን ነበርኩ፤ ሐሳቤን ያስለወጠኝን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት የ15 ዓመት ልጄ ምግብ ቀነሰ፤ እንቅልፍም አጣ። ለስጦታ ካርድ መግዣ ገንዘብ ስጪኝ ይለኝ ጀመር። ለጓደኛው ልደት መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሰጠሁት። በሦስተኛው ሲጠይቀኝ እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የእድሜ እኩያው ሴት ልጅ መስሎ በማህበራዊ ሚዲያ የቀረበው ሰው፣ በአንድ ምሽት አግባብቶ የራቁት ፎቶውን ተቀብሎታል። ወዲያውም የጓደኞቹን የስም ዝርዝር አሳይቶ «ካልከፈልክ ለሁሉም እልከዋለሁ፤ ለእናትህም ጭምር» ብሎታል። ልጄ ይህን ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻውን ተሸክሞታል።

ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጠየቅኩት። «ስልኬን ትወስጂብኛለሽ ብዬ ነው» አለኝ።

ያ መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አስፈራሪው የሚተማመነው በልጁ ፍርሃት ነው፤ ያንን ፍርሃት ደግሞ በየቀኑ በዛቻ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ብዙዎቻችን የምንሰጋው ለሴት ልጆቻችን ነው። እንዲህ ባለው ገንዘብ የመቀማት ወንጀል ግን የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንደሚለው በብዛት የሚጠቁት ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች ናቸው። በጭንቀት ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ስለዚህ ነገሩ ከመድረሱ በፊት «ምንም ብታደርግ፣ ምንም ብትልክ፣ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፤ አልቆጣህም፣ ስልክህንም አልወስድብህም» በሉት። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እስኪሰለቸው ድረስ በሉት። ከዚያም ቃላችሁን ጠብቁ።

ከደረሰ ደግሞ አትክፈሉ። እኛ ሁለት ጊዜ ከፍለን ያተረፍነው ሦስተኛ ጥያቄ ነው። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ የሰውየውን የመለያ ስምና ዛቻውን ፎቶ አንስታችሁ ለፖሊስና ለመተግበሪያው ድርጅት አመልክቱ፤ ከዚያ በኋላ እገዱት። የልጁን ፎቶ ግን ለማስረጃ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ስልክም ሆነ ወደ ዘመድ አትላኩ፤ በብዙ አገር ይህ ራሱ ወንጀል ነው። ከ18 ዓመት በታች ሳሉ የተነሱ የራቁት ምስሎችን ለማስወገድ በ2023 የተጀመረ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ምስሉ ከልጁ ስልክ ሳይወጣ የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር ብቻ ይወሰድለታል፤ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ስናፕቻትን የመሳሰሉት በዚያ ቁጥር ምስሉን ፈልገው ያነሳሉ። ስም አይጠየቅም። እያንዳንዱን መተግበሪያ አይሸፍንም፤ ቢሆንም ልጄ ያን ምሽት እንቅልፍ የወሰደው ይህንን ከሞላን በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ እኛንም ይነካናል። ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ስናፕቻት 13 ዓመት ያልሞላውን አይቀበሉም። በባዕድ አገር ደብዳቤያችንን የሚያነቡልን፣ የባንክ መተግበሪያ የሚከፍቱልን ልጆቻችን ስለሆኑ «የልደት ዓመቴን ልቀይረው?» ሲሉን ሳናስብ እሺ እንላለን። ኢንስታግራም ከመስከረም 2024 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ገጻቸውን ዝግ አድርጎ፣ የማያውቁት ሰው መልእክት እንዳይልክላቸው ይከለክላል፤ ከ16 በታች የሆነው ደግሞ ያለ ወላጅ ፈቃድ ይህን ማላላት አይችልም። በውሸት ዓመት የተመዘገበ ልጅ ግን እንደ አዋቂ ስለሚቆጠር ከዚህ ጥበቃ ውጪ ሊሆን ይችላል። የእኔ ልጅ በመዝገቡ 24 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የተመዘገበውን ዓመት ተመልከቱ።

ስለዚህ እህቴ፣ ስልኩን ግዢለት ባይ ነኝ። ማህበራዊ ሚዲያው ይቆየው፤ ሌሊት ስልኩ ሳሎን ይደር፤ የአንቺም አብሮ ይደር። የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁ ክፈቱት። ቅንብሩ ካስቸገረሽ ጻፊልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስልክ እየተነጋገርን አብረን እናስተካክለዋለን።