አሚትሪፕቲሊን፣ ሴሮቶኒን እና የአባቴ ሽንት

የሄርማታ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። አባቴ 67 ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት። ሌሊት እግሩን እያቃጠለው እንቅልፍ ስላጣ ሐኪም አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ አዘዘለት። ማቃጠሉ ቀለል ብሎለታል። ግን ከዚያ ወዲህ ሽንቱ አልወጣ እያለ ያስቸግረዋል። ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲመጣም ቀጭን ነው። ጎረቤታችን የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «መድኃኒቱ ሴሮቶኒን ስለሚጨምር ነው» አለን። ሴሮቶኒን የአእምሮ ነገር አይደል እንዴ? ከፊኛ ጋር ምን አገናኘው? መድኃኒቱንስ ላስቁመው?

ፊዚዮሎጂ አስተማሪ፦
እህቴ፣ ሴሮቶኒን ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር ነው፤ የአእምሮ ብቻ አይደለም። 90 በመቶ የሚሆነው ያለው አንጀት ውስጥ ነው። በሽንት መውጫ ቧንቧና በፕሮስቴት (ወንዶች ፊኛ ሥር ባለው እጢ) ውስጥም የያዙት ሕዋሳት አሉ።

ሥራው በሚያርፍበት ተቀባይ፣ ማለትም ሕዋሱ መልእክቱን በሚቀበልበት ቦታ፣ ይለያያል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቧንቧ፣ በዩሬተር ላይ፣ 2ኤ የተባለውን ተቀባይ ሲነካ በልሙጥ ጡንቻው (ያለ ፈቃዳችን በሚሠራው) ሕዋስ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል። ጡንቻውም ይኮማተራል።

ፊኛ ላይ ግን መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ዋናው አዛዥ አሴቲልኮሊን የተባለ ሌላ የነርቭ መልእክተኛ ነው። ሴሮቶኒን የነርቩ ጫፍ ላይ ያለውን 4ኛውን ተቀባይ ነክቶ አሴቲልኮሊን በብዛት እንዲለቀቅ ያግዛል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ከሄድን ሴሮቶኒን ሲጨምር ፊኛው ይበልጥ ይጨምቃል እንጂ አይደክምም። የጎረቤታችሁ ማብራሪያ ለአባትሽ ችግር አይገጥምም።

ፋርማሲስቷ፦
ልክ ነው። አሚትሪፕቲሊን ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊን (ይሄም የነርቭ መልእክተኛ ነው) ወደ ነርቩ እንዳይመለሱ ያግዳል፤ ለእግራቸው የረዳቸው ይሄ ነው። ግን ሌላም ሥራ አለው፦ አሴቲልኮሊን የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል። ፊኛው ትእዛዝ ቢላክለትም አይሰማም ማለት ነው። አፋቸው ይደርቃል? የሆድ ድርቀትስ? ለጉንፋን ተብሎ የሚገዛ ኪኒንም ይወስዱ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ክሎርፌኒራሚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት ያለበት ከሆነ ያባብስባቸዋል።

የሄርማታ ልጅ፦
አፉ በጣም ይደርቃል! ስኳሩ ነው ብለን ነበር። የጉንፋን መድኃኒት አልወሰደም። ከሰዓት ግን ጫት ይቅማል፣ የቆየ ልማዱ ነው።

ነርስ ነኝ፦
ጫቱን ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪ። በከተማችን ብዙ ሰው «ጫት ምን አገባው» ብሎ ያልፈዋል፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ኖራድሬናሊን ያስለቅቃል። ኖራድሬናሊን ደግሞ የፊኛውን አንገት ያጠብቃል። የመን ውስጥ በቃሚዎች ላይ ተለክቶ የሽንት ፍሰት ሲቀንስ ታይቷል። እንግዲህ መድኃኒቱ ፊኛውን ያደክማል፣ ጫቱ በሩን ይዘጋል። በዚያ ላይ ፕሮስቴት ካበጠ አስቢው።

መድኃኒቱን ራስሽ አታስቁሚ፣ ያዘዘው ሐኪም ጋ ቶሎ ውሰጃቸው። ሽንቱ ጭራሽ ከቆመና እምብርታቸው ሥር አብጦ ካመማቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል፣ ሌሊትም ቢሆን። ካቴተር፣ ሽንቱን የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ያስፈልጋቸዋል።

የሄርማታ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በዱሎክሰቲን ቢቀየርለትስ? አንድ ዘመዳችን ለእግሯ ተስማምቷታል።

ፊዚዮሎጂ አስተማሪ፦
አሴቲልኮሊንን እንደ አሚትሪፕቲሊን አይዘጋም፣ ይሄ ጥሩ ጎኑ ነው። ነገር ግን ዱሎክሰቲንም ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊንን ይጨምራል። በታችኛው የአከርካሪ ነርቭ በኩል የሽንት መዝጊያውን ጡንቻ ያጠነክራል። ሲያስሉ ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች አውሮፓ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ የተፈቀደውም ለዚሁ ነው። ያ መዝጊያ እንደ ፊኛው ልሙጥ ጡንቻ አይደለም፣ በፈቃዳችን የምንቆጣጠረው ነው። ሽንት ለሚቸግረው ወንድ ይሄ ላይረዳ ይችላል። ጋባፔንቲን የተባለው ሌላ የነርቭ ሕመም መድኃኒት ይሻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ኩላሊታቸው መታየት አለበት። ስኳሩ ራሱም የፊኛን ነርቭ ስለሚጎዳ ሁሉንም በመድኃኒቱ አታሳቢ።

የሄርማታ ልጅ፦
ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ። አልትራሳውንድ ከታዘዘ ሸንቶ ነው ሳይሸና የሚታየው?

ነርስ ነኝ፦
ሁለቱንም። መጀመሪያ ፊኛው እንደሞላ ይታያል፤ ከዚያ ሸንተው ውስጥ የቀረው ይለካል። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ ሽንት ቤት አይግቡ። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ የስኳሩንም ጭምር፣ ከነማሸጊያው ይዘሽ ሂጂ።