ለአራስ እናት የሚሆኑ ሦስት መጻሕፍት፦ ልብ ወለድ፣ ግለ ታሪክ፣ የልጅ አስተዳደግ

ጠያቂ፦ ሰላም እህቶች። የመጀመሪያ ልጇን ለወለደች፣ ማንበብ ለምትወድ ሴት ሦስት መጻሕፍት በስጦታ ልንገዛ ነው፦ አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ ግለ ታሪክ፣ አንድ ስለ ልጅ አስተዳደግ። በቀን የምታገኘው ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ ያውም እያጠባች። የትኛውን ቀድማ ብትይዝ ይሻላል? ከውጭ የመጣ የአስተዳደግ መጽሐፍስ ለእኛ ቤት ይሆናል?

ሰብለ አንባቢ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት! በልብ ወለዱ አልወላውልም፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ይሁን። ተማሪ ሳለች አንብባው ቢሆንም ግዙላት። ብዙ ሰው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ብቻ ይዞ ይቀራል፤ እናት ሆኖ ለሚያነበው ግን የወላጆች መጽሐፍ ነው። በዛብህን እናት አባቱ ገና ልጅ ሳለ ለቤተ ክርስቲያን ተስለው ሰጥተውታል፤ እሱ ያልተሳለው ስለት አድጎም አይለቀውም። ሰብለ ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት ባል ሲያማርጡ የማግቢያ ዕድሜዋ ያልፋል። በሁለቱም ቤት ልጅ ይወደዳል፣ በሁለቱም ቤት ደግሞ ልጁ ሳይጠየቅ ይወሰንለታል። ስለ ልጅ አስተዳደግ ከዚህ የጠለቀ ነገር በአማርኛ አላውቅም።

አሁን ችግሩን ልናገር። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ እያጠቡ በአንድ እጅ አይያዝም። ትራስ ላይ ተዘርግቶ ይነበብ። ስትገዙ ጥራዙን ከፈት አድርጋችሁ እዩ፤ በሙጫ ብቻ የተያያዘ ከሆነ መሐሉ ቶሎ ይገነጠላል። አዟሪ ጋ ከሆነ የገጽ ቁጥሩን መሐል መሐሉን ቁጠሩ፤ ኮፒ ተደርገው በሚሸጡት ላይ የጎደለ ወይም የተዘበራረቀ ገጽ አይታጣም። ሌላው እንቅፋት አጀማመሩ ነው፤ ታሪኩ ጎጃም ውስጥ ካለችው ማንኩሳ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ በዛብህ ለትምህርት ዲማ ሳይደርስ መጽሐፉን የሚዘጉ አሉ። ያ ክፍል ግን አይዘለል፤ ስለቱ ያለው እዚያ ነው። ዐይኗ ሲደክም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ታዳምጥ። ማታ የሰማችውን ምዕራፍ ቀን ላይ ብታነበው ክሩ አይጠፋባትም።

የሐረር ልጅ፦ ለግለ ታሪኩ የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» እመክራለሁ። ከሐረር ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣች ወጣት ወደ ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) እንዴት እንደገባች፣ ከዚያም ስለ ዓመታት እስሯ በሴት ዐይን የተጻፈ ነው፤ ስለዚያ ትውልድ ከጻፉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ነገር ግን በአራስነት አይሁን! ግርፋትና ሞት አለበት፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሌሊት ሊያነበው አይገባም። ስድስት ወር ይቆይ።

እስከዚያ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» ይሻላል። ከአድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነቱ ወደ ሩሲያ ተወስዶ እዚያ ያደገ፣ በኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቀ ሰው ነው። የልጅነቱ ክፍል ብቻውን ይበቃታል፤ የፖለቲካውን ሌላ ጊዜ ትመለስበታለች።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ከወሊድ በኋላ ሐዘኑና ለቅሶው ከሁለት ሳምንት ካለፈ መጽሐፍ መድኃኒት አይሆንም፤ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የአስተዳደጉስ?

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦ አዴል ፌበርና ኢሌን ማዝሊሽ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ልጆች እንዲሰሙን እንዴት እንናገር የሚለው መጽሐፍ ጥሩ ነው፤ የተጻፈው ግን አፍ ለፈታ ልጅ ነው። ዛሬ ብትሰጧት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ልጁ ሁለት ዓመት ሲጠጋው ስጧት።

ለእኛ ቤት ይሆናል ወይ ላልሽው፣ ይሆናል፤ ግን ቃል በቃል ከተረጎምሽው ልጁም ይስቃል። ዋናው ሐሳብ የልጁን ስሜት በስሙ መጥራት ነው። መኪናው ተሰብሮበት ሲያለቅስ «ዝም በል፣ ጅቡ ይመጣል» በማለት ፈንታ «መኪናህ ተሰበረብህ፤ አዘንክ አይደል?» ይባላል፤ ከዚያ ትንሽ ዝም። ምክርና ስብከት ወዲያው ከተከተለ ሥራው ፈረሰ። ምስጋናም እንዲሁ ነው፤ እኛ ለሁሉም ነገር «ጎበዝ!» እንላለን፣ ልጁ ግን ምኑ እንደተወደደለት አያውቅም። «ጫማህን ብቻህን አጠለቅክ፤ ቀኙንም አልሳትክም» ሲባል ያውቃል። በሳምንት አንዱን ዘዴ ብቻ ትሞክር፤ ሁሉንም ባንድ ቀን የጀመረች እናት በሦስተኛው ቀን ትተዋለች። አያት ቤት ውስጥ ካሉም አስቀድማ ታስረዳቸው፤ አለበለዚያ እሷ «አዘንክ?» ስትል ከጓዳ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይመጣል።

አሁን ለአራሷ የሚጠቅመው ግን ለልጁ ማንበብ ነው። ሕፃኑ ቃሉን ባይረዳም ድምፅዋን ይሰማል፤ ስለዚህ የራሷን ልብ ወለድ ጮክ ብላ ብታነብለትም ይሆናል። ወደ ስድስት ወር ሲጠጋ ወፍራም ካርቶን ገጽ ያለው፣ በየገጹ አንድ ሥዕል ብቻ ያለበት መጽሐፍ ግዙ፤ አፉ ውስጥ እንደሚከተው ዕወቁ። ብዙዎቹ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት ገጹን በጽሑፍ ይሞሉታል፤ ያን ጊዜ ጽሑፉን ትታ ሥዕሉን በራሷ አፍ ትንገረው። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ «ውሻ» ካለ «አዎ፣ ትልቅ ጥቁር ውሻ» ብላ ትጨምርለት፤ እንዲደግመው ግን አታስገድደው። ተረት ስትነግረውም «ተረት ተረት» ብላ ትቁም፤ «የላም በረት» ማለቱን እሱ እስኪጀምር እሷ እየመለሰች ትቀጥል።

ሰብለ አንባቢ፦ በዚህ እስማማለሁ። እንግዲያው አሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»ንና አንድ የካርቶን መጽሐፍ ግዙ፤ የሌሎቹን ገንዘብ ለልጁ ክርስትና ስጦታ አቆዩት።