አንዷ የነሐስ እግር እምቢ አለችኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነው። ሕርማታ ገበያ ያገለገለ የኮምፒውተር ኬዝ (የውጭ ሳጥን) አገኘሁና ማዘርቦርዴን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ ልገጥም ተነሳሁ። ቦርዱ ኤቲኤክስ የሚባለው መጠን ነው፤ 30.5 በ24.4 ሴንቲሜትር፣ 9 የብሎን ቀዳዳ ያለው። ኬዙ ውስጥ ግን በፊት አነስ ያለ ማይክሮ ኤቲኤክስ ቦርድ ነበር የታሰረው። ቦርዱን ከኬዙ ብረት ከፍ የሚያደርጉትን የነሐስ እግሮች በአዲሱ ልክ አዛወርኩ። አንዷ ብቻ ጥርሷ ተበልቷል መሰለኝ፣ በፒንሳ ስይዛት ትሽከረከራለች እንጂ አትወጣም። የቆመችው ደግሞ ቦርዴ ቀዳዳ በሌለው ቦታ ነው! ከሥር ያለውን ብየዳ ከነካች ኮንታክት ፈጥራ ቦርዱን ልታቃጥልብኝ ትችላለች። ጓደኛዬ «ፕላስተር ጠቅልልባት» ይላል። አላመንኩትም፤ የብየዳው ጫፎች ሹል ናቸው፣ ይበሱታል። በመጋዝ እንዳልቆርጣት የብረት ብናኙን ፈራሁ። ከጀርባ እየገፉ መፍታት ይሠራል? የሞከረ ካለ ይንገረኝ። ቦርዱ እስካሁን ካርቶኑ ላይ ነው።