የሐረር ስፌት በድረ ገጽ ልሸጥ ነው፤ የሽያጭ ታክስ ምዝገባው ከየትኛው ሽያጭ ይጀምራል?

የጁገል ልጅ፣ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁም፣ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች። ሐረር ያለችው አክስቴ ከጎረቤቶቿ ጋር የምትሰፋቸውን ሙዳዮችና የግድግዳ ስፌቶች በራሴ ድረ ገጽ መሸጥ ልጀምር ነው። የንግድ ስሙን አስመዝግቤያለሁ፤ ኢ.አይ.ኤን የሚባለውን የፌዴራል የታክስ ቁጥርም አግኝቻለሁ። ያስጨነቀኝ የሽያጭ ታክሱ ነው። አንዱ ወዳጄ ሽያጭሽ 100,000 ዶላር እስኪሞላ ድረስ ምዝገባ አይመለከትሽም ይለኛል፤ ሌላዋ ደግሞ ከመጀመሪያው ሙዳይ ጀምሮ ነው ትላለች። ከዕቃው ግማሹ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በሚኖረው ወንድሜ ቤት ይቀመጣል፤ በዚያ አካባቢ ላሉ ገዢዎች የሚልክልኝም እሱ ነው። በዚህ መሀል ለሙከራ ያዘጋጀሁትን ደረሰኝ ለአክስቴ ላክሁላት። የዕቃው ዋጋ 90 ዶላር፣ ታክሱ 5.40 ይላል። እሷም «ይህ ጭማሪ ለሰፊዎቹ የማይደርሰው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ድርሻቸውን እንድልክም አጥብቃ ትፈልጋለች። የት እንደምመዘገብና ለአክስቴ ምን ብዬ እንደማስረዳት የምታውቁ ምከሩኝ።

የሳቢያን ልጅ፣ ሂውስተን

እህቴ፣ የ100,000 ዶላሩ ነገር ብዙ ሰው የሚደናገርበት ስለሆነ ከሥሩ ልነሣ። እስከ 2018 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ድረስ አንድ ስቴት የሽያጭ ታክስ ሰብስበህ አስገባ ብሎ ማስገደድ የሚችለው በግዛቱ ውስጥ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ሠራተኛ ያለውን ነጋዴ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ጁን 21 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳውዝ ዳኮታ ስቴትና ዌይፌር በሚባለው የኢንተርኔት ነጋዴ ድርጅት ክርክር ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ በግዛቱ ውስጥ ምንም የሌለው የሩቅ ሻጭም ሽያጩ የተወሰነ መጠን ካለፈ ሊገደድ እንደሚችል ተፈቀደ። የሳውዝ ዳኮታ ሕግ ያስቀመጠው መጠን 100,000 ዶላር ወይም 200 ሽያጭ ነበር፤ ብዙ ስቴቶችም ያንኑ ተከተሉ፤ እዚህ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ግን 500,000 ዶላር ነው። ልብ በዪ፣ ይህ መጠን ለሩቅ ሻጭ የተቀመጠ ነው። አንቺ የምትኖሪውና ሥራሽን የምትሠሪው ቨርጂኒያ ስለሆነ፣ ለቨርጂኒያ ገዢ በምትሸጪው ላይ ግዴታው ከመጀመሪያው ሙዳይ ይጀምራል።

ምዝገባው በስቴቱ የታክስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይፈጸማል። የፌዴራሉ ቁጥር ይህን አይተካም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከተመዘገብሽ በኋላ ሪፖርቱ የሚገባው በተከታዩ ወር እስከ 20ኛው ቀን ነው፤ ምንም ባትሸጪም ዜሮ ብለሽ ማስገባት አለብሽ። ዜሮውን ሪፖርት ረስተው ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ሰዎች አውቃለሁና ይህን አደራ እልሻለሁ። የፖስታ ወጪውን በደረሰኙ ላይ ለብቻው ከጻፍሽው በቨርጂኒያ ታክስ አይታሰብበትም፤ ከማሸጊያና ከአያያዝ ክፍያ ጋር በአንድ መስመር ከደባለቅሽው ግን ይታሰብበታል። በምዝገባው የምታገኚው ሌላም ጥቅም አለ፤ መልሰሽ ለመሸጥ ከጅምላ ነጋዴ የምትገዢውን ዕቃ ከታክስ ነፃ የሚያደርግ የምስክር ወረቀት ሰጥተሽ ያለ ታክስ ትገዣለሽ።

የከዚራ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ ያብራራው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ለጥቂት ሙዳይ ይህን ሁሉ ሸክም ማሸከሙ ነው። ባለቤቴ ቅመም መሸጥ ስትጀምር አንድ ፎርም ሞይ ድርጅት፣ በነፃ የሚገኘውን ፈቃድ ለማውጣት ብዙ መቶ ዶላር አስከፍሏታል። እንደኔ ከሆነ ኤትሲ በሚባለው የእጅ ሥራ መሸጫ ድረ ገጽ ብትሸጪ ይሻልሻል። አለዚያም በየዓመቱ በጁላይ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ላይ ድንኳን ተከራይተሽ በጥሬ ገንዘብ ሽጪ። ድረ ገጹን የግድ ካልሽም ዋጋውን 95 ዶላር አድርጊና ጭማሪውን ለአክስትሽ ላኪላት። እናቶቻችን ናቸው የሚለፉት፤ ቨርጂኒያ አክርማ አልነከረ፣ ስንደዶ አልሰነጠቀ።

የሳቢያን ልጅ፣ ሂውስተን

በኤትሲና በአማዞን ላይ የሚሸጠውን በተመለከተ ትክክል ነህ፤ የሽያጭ ታክስ ባላቸው ስቴቶች ሁሉ ገበያውን የሚያስተናግደው ድርጅት ራሱ ሰብስቦ ያስገባል። በራሷ ድረ ገጽ የምትሸጠው ግን የራሷ ኃላፊነት ነው። ድንኳኑም ነፃ አያወጣትም፤ በዓሉ የሚደረግበት ስቴት የሽያጭ ታክስ ካለው፣ ለእነዚያ ቀናት የዚያን ስቴት ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅባታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በደረሰኝ ላይ «ታክስ» ብሎ ከገዢ ተቀብሎ ለመንግሥት አለማስገባት ነው። ያ ገንዘብ ከገዢው ኪስ ወጥቶ ወደ ስቴቱ እስኪደርስ ድረስ በእጇ ያለ አማና (አደራ) ነው፤ ለአክስቷም ቢሆን ልትሰጠው አትችልም።

የቀፊራ ነጋዴ፣ ድሬዳዋ

ልጆቼ፣ ከዚህ ሆኜ እያነበብኩ ነው፤ ለአክስቷ የሚነገረውን እኔ ልሞክር። እኛ አገር የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ጀምሮ በ15 በመቶ ይከፈላል፤ በደረሰኝ ማሽን ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ ከዋጋው በታች ተጽፎ ያየዋል። እኔ ከአስመጪ ስገዛ እከፍላለሁ፣ ስሸጥ እሰበስባለሁ፣ የከፈልኩትን ከሰበሰብኩት ላይ አቀናንሼ ቀሪውን አስገባለሁ። የአሜሪካው የሚለየው በመጨረሻው ገዢ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ በመጣሉ ነው እንጂ፣ የነጋዴው ትርፍ አለመሆኑ አንድ ነው። አክስትሽን እንዲህ በያት፤ «እማ፣ ሐረር ከሱቅ ስትገዢ ቫት ብሎ የሚጨምርብሽን ባለሱቁ ለራሱ እንደማያስቀረው፣ እኔም ይህን አላስቀረውም።»

የሴቶቹ ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ታክሱን ተዉትና፣ ከ90 ዶላሩ ምን ያህሉ ይደርሳቸዋል? ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ በብር የተዋዋሉት ዋጋ ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ እየሳሳ ይሄዳል። ስምምነቱን በዶላር አድርጊው፤ ለእያንዳንዱ ስፌት የሚከፈለውን በወረቀት ላይ አስፍሪው፤ በባንክም ላኪላቸው። ያኔ ስለ 5.40 ዶላሩ ማንም አይጠይቅሽም።

የሸዋ በር ልጅ፣ ቶሮንቶ

ጋሼ የተናገሩት ልቤን ነካው። እናቴ ቤት ከነደባው (ከመቀመጫ መደቡ) በላይ ግድግዳው በስፌት የተሸፈነ ነበር፤ አንዱን ትልቅ ስፌት ለመጨረስ ወራት ይፈጅባት እንደነበር አስታውሳለሁ። ዛሬ እዚህ አንድ ገዢ 90 ዶላር በዛ ብሎ ሲከራከር ስሰማ የእናቴ ጣቶች ናቸው ፊቴ የሚመጡት። እህቴ፣ እባክሽ ዋጋሽን ከፍ አድርጊ እንጂ ዝቅ አታድርጊ።

ምዝገባ አይመለከትሽም ያለሽ ወዳጅሽ ምክር ምናልባት ከካናዳ የመጣ ይሆናል። እዚህ ኦንታሪዮ ታክሱ 13 በመቶ ቢሆንም፣ በተከታታይ አራት ሩብ ዓመታት ሽያጩ ከ30,000 የካናዳ ዶላር ያልበለጠ ትንሽ ነጋዴ እንዲመዘገብ አይገደድም። በአሜሪካ ስቴቶች ያለው አሠራር ለትንሽ ሻጭ እንዲህ አይራራም።

የሳቢያን ልጅ፣ ሂውስተን

ስለ ቀረጥ ማንም ስላላነሳ በአጭሩ ልጨምር። ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረበት አሠራር ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ቀርቷል፤ ኢትዮጵያም ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ሕግ) ውጭ ናት። ይህ የጉምሩክ ወጪ ነው፤ ከሽያጭ ታክሱ ጋር አታደባልቂው፤ በዋጋሽ ውስጥ ግን አስቢው።

የጁገል ልጅ፣ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። የቨርጂኒያው ገብቶኛል፤ በዚህ ሳምንት እመዘገባለሁ። የጋሼንም ምክር ለአክስቴ በድምፅ ላክሁላት። የኦሃዮው ጥያቄ ግን አልተመለሰልኝም።

የሳቢያን ልጅ፣ ሂውስተን

ዕቃሽ ኦሃዮ ውስጥ ተቀምጦ ከዚያ የሚላክ ከሆነ፣ በኦሃዮ ፊት በአካል እንዳለሽ ይቆጠራል። ስለዚህ የሽያጭሽ ልክ ሳይታይ እዚያም የሻጭ ፈቃድ ያስፈልግሻል።

የከዚራ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ይህን በፍጹም አልቀበልም። ወንድሟ በቤቱ ዕቃ ያስቀመጠላት ዘመድ ነው እንጂ መጋዘን አይደለም፤ ኪራይ አያስከፍላት፣ ደመወዝ አትከፍለው።

የሳቢያን ልጅ፣ ሂውስተን

ኪራይ መኖር አለመኖሩ ነገሩን አይለውጠውም፤ ስቴቱ የሚጠይቀው ዕቃው የማን እንደሆነና የት እንዳለ ነው። ሁለት ፈቃድ ከከበዳት ሙዳዮቹን በሙሉ ወደ አሌክሳንድሪያ ታምጣቸው፤ ያኔ ለኦሃዮ የሩቅ ሻጭ ትሆናለች፤ 100,000 ዶላር ወይም 200 ሽያጭ የሚለው መጠንም የሚያገለግላት ያን ጊዜ ነው።

የከዚራ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ታዲያ ያ ሁሉ ስፌት እንደገና ተጭኖ ሲመለስ የፖስታውን ወጪ ማን ሊሸፍን ነው? ከሴቶቹ ድርሻ ላይ እንደማይነሳ ማረጋገጫ ስጠን።

የቀፊራ ነጋዴ፣ ድሬዳዋ

ክርክራችሁን አልከለክልም፤ ነገር ግን አክስትሽ ሁለተኛውን ካርቶን አሽጋ ወደ ድሬዳዋ ልካልኛለች፤ ሐሙስ ለጭነት አስረክበዋለሁ። የአሌክሳንድሪያን አድራሻ ልጻፍበት ወይስ የኮሎምበስን?